ጨጓራዬ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ጎልማሳ ማግኘት ከባድ ነው። አካሉን ማለቴ አይደለም፤ በሽታውን ነው። እኛ «ጨጓራ አለብኝ» ስንል ሁለቱን ለመለየት ተቸግረን አናውቅም፤ አማርኛ አዲስ የሚማር ሰው ግን «ታዲያ ያለ ጨጓራ እንዴት ይኖራል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቃሉ ብዙ ቦታ ይገባል። ሥጋ ቤት ሲገባ ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ ከጉበት ጋር ዱለት ይሆናል። ቢሮ ሲገባ ከአለቃ ጋር ይያያዛል፤ «ሰውዬው ጨጓራዬን ላጠው» ይባላል። እንግድነት ሲሄድ ደግሞ ሰበብ ነው፤ «በሞቴ» ብላ ካላጎረሰች የማትለቅ ባለቤት እንኳ «ኧረ ጨጓራዬ» ስትባል እጇን ትሰበስባለች። ከጉርሻ የሚያድን በሽታ እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።

የቃሉ ስፋት ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ደረት ላይ የሚያቃጥለው ቃር፣ ከምግብ በኋላ የሚነፋው ሆድ፣ ጃርዲያ የሚያመጣው የሚሸት ግሳት፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ተነስቶ ወደ ትከሻ የሚሄደው የሐሞት ጠጠር ሕመም፣ እውነተኛው የጨጓራ ቁስለት፣ አንዳንዴም ከልብ የሚነሳ ድንገተኛ ሕመም፣ ሁሉም «ጨጓራዬ ነው» ይባላሉ። ስም የወጣለት በሽታ ደግሞ እኛ ዘንድ ግማሹ እንደታከመ ይቆጠራል። ስሙ ካለ ምክሩ አለ፤ ምክሩ ካለ ሐኪም ጋ ምን ያስኬዳል?

ምክሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተልባ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። አብሽ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ። የጥሬ ድንች ጭማቂ። የገብስ አጥሚት። ማር በሞቀ ውሃ። ቀዝቃዛ ወተት። ከዚያ ደግሞ የክልከላው ዝርዝር ይመጣል፤ በርበሬ ተው፣ ቡና ተው፣ ያደረ ወጥ ተው፣ የኮመጠጠ እንጀራ ተው፣ ሎሚ ተው። መጨረሻ ላይ «መናደድም ተው» ይላሉ። ይሄኛውን በዚህ ከተማ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኖ የሚፈጽም ሰው ካለ ከጨጓራ በላይ የሆነ ሰው ነው።

ስለዚህ ምክር የምጽፈው ልቀልድበት ብዬ አይደለም። አንድ ሴት ሲያስከፍላት ስላየሁ ነው።

የእናቴ ታላቅ እህት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ትነሳለች። ሊጥ ስትሸከም፣ ምጣድ ፊት ቆማ ስትጋግር፣ ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷም አብሮ አልቋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሕመሙ ሲብስባት አንድ መድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ሰጣት። ሠራላት። የሠራላትን ነገር ማን ይተዋል? ከዚያ ወዲያ ያለ ማዘዣ፣ ባለቀ ቁጥር፣ እንደ ጨው እየላከች ማስገዛት ሆነ። የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው የምትይዘው። አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ፤ ሸክም በበዛበት ቀን ሦስተኛ። በበዓል ሰሞን ትዕዛዝ ሲደራረብባት ደግሞ መርፌውን ትወጋለች፤ «እሱ በደም ነው የሚሄደው፣ ሆድ አይነካም» ተብላ።

ከወራት በኋላ ጨጓራዋ ጀመራት።

እኔ ያኔ ሐዋሳ ነበርኩ፤ የነገሩን ቅደም ተከተል የሰማሁት በኋላ፣ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። መጀመሪያ በርበሬው ቀረ። «እትዬ፣ ቀዩ ወጥ ነው እኮ የሚገድልሽ» አሏት፤ ወደ አልጫ ዞረች። አልተሻላትም። ቀጥሎ ቡናው ቀረ። ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ የአካባቢው የከሰዓት ቡና የሚፈላው እሷ ቤት ነበር። ለሌላው አፍልታ፣ ለራሷ ባዶ ሲኒ ይዛ ጥቂት ቀን ሞከረች፤ ሽታው አላስቀምጥ ሲላት ረከቦቱን ለጎረቤት ሰጠች። ሴቶቹም ከረከቦቱ ጋር ሄዱ። ከዚያ እንጀራው ተራው ደረሰ፤ እንጀራ ለሰፈሩ የምትጋግር ሴት ራሷ ቂጣ መብላት ጀመረች። ተልባውንም ጠጣች፣ አብሹንም ጠጣች። ከሳች። «ጨጓራ ያከሳል» ተባለ። ገረጣች። «አልበላ እያለች ነው» ተባለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሕይወቷ ደስ የሚሏት ነገሮች አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ያለው ቋጠሮ ግን ማንም ሳይነካው ኖረ።

በፍልሰታ ጾም አንድ ሌሊት ምጣዱ ፊት ዞረባት። ሲታይ ከአንድ ሳምንት በላይ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ፣ ጠረኑም ተለይቶባት ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል? ሄሞግሎቢኗ 6 ነበር፤ ለጤነኛ ሴት 12 እና ከዚያ በላይ መሆን ያለበት ማለት ነው። ደም ተሰጣት። በኢንዶስኮፒ ሲታይ ጨጓራዋ ላይ የሚደማ ቁስለት ነበር።

ያን ቀን የሰማሁትን ንግግር አልረሳውም። ወጣቱ ሐኪም «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አላት። «የለም ልጄ» አለች። ደግሞ ጠየቃት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ግፊት። «የለም።» ወደ ሌላ አልጋ ሊያልፍ ሲል ነርሷ፣ ትልቅ ሴት ናት፣ ጎንበስ ብላ «ጉልበትዎንስ አያምዎትም?» አለቻት። «እሱማ መች ይቀራል! ለሱ እማ ኪኒን አለኝ» ብላ ቋጠሮዋን ፈታች። አልዋሸችም። በእሷ ቋንቋ መድኃኒት ማለት ሐኪም የሰጠው፣ በሽታ የሚያድን ነገር ነው። የጉልበት ኪኒን ግን እንደ ከዘራ ነው፤ ከዘራ ይዘሻል ወይ ብሎ ማን ይጠይቃል?

ሐኪሙ ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ቀስ ብሎም አስረዳን። ከዚያ ወዲህ እኔም ያነበብኩትን ጨምሬ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው።

ዱለት የሚበላ ሰው አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ የበሬውን ጨጓራ የሚፈጨው የኔ ጨጓራ ራሱን ለምን አይፈጭም? ውስጡ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ሥጋን የሚፈታ ፔፕሲን የሚባል ኢንዛይምም አለ። መልሱ ልባስ አለው የሚል ነው። የጨጓራ ግድግዳ በወፍራም ዝልግልግ ንፍጥ የተሸፈነ ነው፤ ከንፍጡ ሥር ደግሞ አሲድን የሚያበርድ ባይካርቦኔት ይመነጫል፤ ደም በደንብ ይመላለስበታል፤ የተጎዳው ሕዋስ ቶሎ ቶሎ ይተካል። ይህን ሁሉ ጥበቃ ከሚያዙት ነገሮች ዋነኛው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ሰውነት ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። ችግሩ ይኸው ፕሮስታግላንዲን ሌላ ቦታ ላይ ሌላ ሥራ አለው፤ የተጎዳ መገጣጠሚያ ላይ ሕመምንና እብጠትን ይቀሰቅሳል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲን ሕመም የሚያስታግሱት ይህ ንጥረ ነገር እንዳይሠራ በማድረግ ነው። ጆን ቬን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳይቶ በ1982 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆኗል። እንግዲህ ኪኒኑ ጉልበት ላይ ያለውን ብቻ መርጦ አይነካም። ጉልበቱን ሲያበርድ የጨጓራውን ልባስም አብሮ ያሳሳል።

ይህን የተረዳ ሰው ስለ መርፌውም አይታለልም። መድኃኒቱ ጨጓራን የሚጎዳው በዋናነት በላዩ ስላረፈበት ሳይሆን በደም ተሰራጭቶ ፕሮስታግላንዲንን ስለሚቀንስ ነው። በመርፌም ገባ፣ በታች በኩልም ገባ፣ መድረሻው ያው ነው። «ምግብ በልተሽ ዋጪው» የሚለው ምክርም ማቃጠሉን ሊቀንስ ይችላል እንጂ ከቁስለት ዋስትና አይሰጥም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ዝምታው ነው። ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት የራሱን ቁስል ሕመምም ይሸፍናል፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የመጀመሪያው ምልክት ሕመም ሳይሆን መድማት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከአስፕሪን ጋር፣ ደም ከሚያቀጥን መድኃኒት ጋር ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ካለ ስቴሮይድ ጋር ሲደረብ ደግሞ አደጋው ይባዛል። ፓራሲታሞል የዚህ ቤተሰብ አባል አይደለም፤ ጨጓራ ላይም እንዲህ አይጨክንም። ልኩን ካለፈ ግን ጉበት ይጎዳል፤ ለጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ለደካማና ጉበቱ ለታመመ ሰው ከዚያም ያንሳል።

ታዲያ ያ ሁሉ መካሪ ስለ በርበሬ ሲጨነቅ ስለ ኪኒኑ ለምን አልጠየቀም? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ምግብ የጋራ ስለሆነ ነው። ከአንድ ትሪ ስንበላ የሌላውን እጅ እናያለን፤ ምን ያህል ድልህ እንደጠቀሰች፣ ስንተኛ ሲኒ እንደጠጣች እናውቃለን። ኪኒን የግል ነው፤ ዞር ተብሎ ይዋጣል። ሌላም አለ። የምግብ ምክር ውስጥ ትንሽ ወቀሳ አለበት፤ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» የሚል። መውቀስ የሚቻልበትን በሽታ ሰው ይወዳል፤ እኔ እንደሷ ካልበላሁ አይነካኝም ብሎ እፎይ ይልበታል።

ፈረንጆቹም ከዚህ አይሻሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 በርትራም ሲፒ የተባለ የቺካጎ ሐኪም ለቁስለት ሕመምተኞች በየሰዓቱ ወተትና ክሬም የሚሰጥ አመጋገብ አዘዘ፤ ለአሥርተ ዓመታትም በዓለም ላይ ሲሠራበት ኖረ። የኛ «ቀዝቃዛ ወተት ጠጪ» ምክር እንግዲህ ዘመዱ ሩቅ ነው። ወተት ሲወርድ ያበርዳል፤ እውነት ነው። ግን ውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ጨጓራን ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ስለሚቀሰቅሱት እፎይታው አጭር ነው። ቁስለቱን ደግሞ በጭንቀት፣ በሥራ ብዛት፣ በጠባይ ያመካኙ ነበር።

ይህን ሁሉ የገለበጡት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው። ሮቢን ዋረን ፐርዝ ከተማ ውስጥ የጨጓራ ናሙና በአጉሊ መነጽር ሲያይ ጥምዝምዝ ባክቴሪያዎችን ደጋግሞ አገኘ። አሲድ ውስጥ ተሕዋስያን አይኖሩም ሲባል የኖረ ነውና የሰማው ጥቂት ነበር። ወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል ተባበረው። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማሳደግ ያደረጉት ሙከራ አልሳካ ብሎ ሲኖር እ.ኤ.አ. በ1982 የፋሲካ ረጅም ዕረፍት ሳህኖቹ ከተለመደው ቀን በላይ ሳይነኩ ቆዩ፤ ሲመለሱ አድጎ አገኙት። ትዕግሥት ያጣው ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው። ከቀናት በኋላ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያዘው፤ በኢንዶስኮፒ ሲታይም ጨጓራው ተቆጥቶ፣ ባክቴሪያው ሰፍሮበት ተገኘ። በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የባክቴሪያው ስም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው፤ የኛ ሰው «ኤች ፓይሎሪ» ወይም ባጭሩ «ጀርሙ» ይለዋል። አሞኒያ እያመነጨ ዙሪያውን ያለውን አሲድ እያበረደ ይኖራል። የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት ሁለቱ ዋና መንስኤዎች እንግዲህ እነዚህ ናቸው፤ ይህ ባክቴሪያና እነዚያ የሕመም ኪኒኖች። በርበሬና ቡና እዚህ ዝርዝር ላይ የሉም።

በርበሬን ነጻ አወጣሁት ማለት አይደለም። ያለ ቁስል ላይ ያቃጥላል፤ ቃር ላለበት ሰው ቃሩን ሊያስነሳ ይችላል፤ ቡናም አሲድ ይቀሰቅሳል። የሚያስነሳብህን ራስህ ታውቀዋለህና ተወው። ግን ማስነሳት ሌላ፣ ማምጣት ሌላ። ለሚነካው ሰው «ቀንስ» ማለትና ለሁሉም «ይህ ነው የገደለህ» ማለት ልዩነቱ ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ለአክስቴ ሁለት ዓመት ነበር። ተልባም እንዲሁ ነው፤ ዝልግልጉ ሆድ ያለሰልሳል፣ ድርቀትም ይረዳል፣ እኔም እወደዋለሁ። ቁስለት ግን አያድንም። ከመድኃኒት ጋር አንድ ላይ ከተጠጣም መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ሊያዘገይ ስለሚችል አራርቆ መውሰድ ነው።

«ጀርሙ» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ በከንቱ ሲፈስበት የማየው እዚህ ላይ ነው። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ይህን ባክቴሪያ ተሸክሞ ይኖራል፤ አብዛኛው ምንም ሳይሰማው። የሚተላለፈው በብዛት በልጅነት፣ በቤት ውስጥ ነው። (ለሕፃን አላምጦ ማጉረስ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጎልማሳ ለጎልማሳ ሲጎራረስ ግን በ«ጀርሙ» የተነሳ ትሪ መለየት የጀመሩ ቤተሰቦችን አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።) ምርመራው ሦስት ዓይነት ነው ብላችሁ ያዙት። በደም የሚታየው አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነት አንድ ጊዜ ባክቴሪያውን እንዳወቀው ይናገራል እንጂ አሁን መኖሩን አያረጋግጥም፤ ታክሞ ከዳነም በኋላ ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። በዚህ የደም ምርመራ «አልጠፋልህም» ተብሎ ሦስቴ አራቴ አንቲባዮቲክ የዋጠ ሰው አውቃለሁ። አሁን መኖሩን የሚያሳየው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ ሦስተኛው በኢንዶስኮፒ የሚወሰድ ናሙና ነው። ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ቢመረመሩ ግን ባክቴሪያው ተደብቆ «የለም» ሊል ስለሚችል ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ማቆም፣ ከአንቲባዮቲክ ደግሞ አራት ሳምንት መራቅ ያስፈልጋል። እርግጥ የሚደማ ቁስለት ያለበት ሰው ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አያቆምም።

ሕክምናው ሁለት ወይም ሦስት አንቲባዮቲክ ከአሲድ መቀነሻ ጋር ነው፤ ብዙውን ጊዜ 14 ቀን። አፍ ላይ የብረት ብረት ጣዕም ይተዋል፤ ሆድ ያገላብጣል። በአምስተኛው ቀን ሲሻል የሚያቆመው ብዙ ነው። «የተረፈኝን ውሰድ» ብሎ ለጎረቤት የሚሰጥም አለ፤ ደግነቱ እውነተኛ ነው፣ ግን ሁለቱም ሳይድኑ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋሉ።

ኦሜፕራዞሉም የራሱ ሰዓት አለው። የሚሠራው ጨጓራ ለምግብ ሲነሳ የሚከፈቱትን የአሲድ ፓምፖች በመዝጋት ነው፤ ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ሲያቃጥል ብቻ አንስቶ መዋጥ፣ ወይም ጠግቦ ሲተኙ መዋጥ ጉልበቱን ማባከን ነው። ለሚጾም ሰው ደግሞ ሰዓቱ ከመጀመሪያው ምግብ ጋር ይዞራል፤ ለሙስሊም ጿሚ ከሱሁር በፊት ያመቻል። ለወራት ወስደው በአንዴ ሲያቆሙት አሲዱ ለጊዜው ከበፊቱ ብሶ ይነሳል፤ ያን ጊዜ «ያለሱ መኖር አልችልም» ብሎ ተስፋ ከመቁረጥ ሐኪም አማክሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ማታ ማታ ቃር ብቻ የሚያሠቃየው ሰው ደግሞ ከኪኒኑ በፊት እራቱን ቢያይ ይሻላል፤ በልቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይተኛ መቆየት፣ የአልጋውን ራስጌ እግሮች ከፍ ማድረግ፣ በግራ ጎን መተኛት ምንም አያስከፍሉም።

ስለ ጾም አክስቴን የንስሐ አባቷ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ተቆጥተዋታል። «የታመመ ሰው እኮ ይፈቀድለታል፤ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሏት። ዝም አለች። ሲሄዱ ግን ወደ እኔ ዞራ «ጾሙን እኔ ለማን ነው የምጾመው፣ ለሳቸው ነው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠሁም፤ ያን ዕለት ጥቂት ሾርባ እንድትጠጣ ማድረግ ይበቃኝ ነበር።

አሁን «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ማለፍ የማይገባበትን ልናገር፤ ይህን ለእናቶቻችን በቃል ብናስጠናቸው እወዳለሁ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሲጣበቅ፤ (የብረት ኪኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል፣ ያንን ለሐኪሙ መንገር ነው።) ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ሲያስመልስ። ሳይፈልጉ መክሳት። ምግብ ሲውጡ መያዝ፤ ከቀን ወደ ቀን ሲብስ ደግሞ አለመዘግየት። መገርጣትና ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር። ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ከዚህ በፊት ምንም የማያውቅ ሰው ድንገት «ጨጓራ» ሲጀምረው። እና ሌላው፣ እኔን የሚያስፈራኝ፤ ከደረት በታች የሚያፍን፣ የሚጫን ሕመም ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ሲመጣ፣ ወይም ወደ መንጋጋና ወደ ክንድ ሲሄድ፣ ያ ጨጓራ ላይሆን ይችላል። ልብ ነው ብሎ መሮጥ ነው። ስኳር ያለባቸውና ሴቶች ላይ ደግሞ ልብ ደረትን ሳይጨምር ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ አስመስሎ ሊመጣ ይችላል። ተልባ በጥብጦ እስኪበርድ የሚጠበቅበት ሰዓት አይደለም።

አክስቴ ስምንት ሳምንት ኦሜፕራዞሏን ወሰደች፤ ባክቴሪያውም ተገኝቶባት ነበርና እሱንም ታከመች፤ በኋላ በሰገራ ተመርምራ ጠፍቷል ተባለች። ዳይክሎፌናክ እንዳትነካ ተነግሯታል። ጉልበቷ ላይ የሚቀባ ጄል ተሰጣት፤ ከሚዋጠው አንጻር ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው። ሲብስባት ፓራሲታሞል ትወስዳለች። «ደካማ ነው» ትላለች፤ ልክ ናት፣ ለጉልበት ደካማ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ እያነሳች የጭን ጡንቻዋን እንድታጠነክር አሳየቻት፤ ጠዋት ጠዋት እየቆጠረች ታደርገዋለች፣ ሰው ሲገባ ታቆማለች፤ ታፍራለች። ልጆቿ ተቀምጣ የምትጋግርበት ዝቅ ያለ የምጣድ ማስቀመጫ አሠሩላት። መጀመሪያ «ተቀምጦ የተጋገረ እንጀራ ዓይን አያወጣም» ብላ ነበር። ያወጣል።

ረከቦቱ ተመልሷል። ጠዋት ሳይሆን ከምሳ በኋላ ሁለት ሲኒ ትጠጣለች፤ ሦስተኛውን፣ በረካውን፣ አንዳንዴ። በርበሬዋንም አንስታለች። አሁን ቡና ልትጠጣ የመጣች ሴት «እትዬ፣ ጨጓራዬ ተነስቶብኛል» ካለቻት፣ ሌሎቹ ስለ ተልባ ሲጀምሩ እሷ መጀመሪያ የምትጠይቀው ሌላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኔም ነበርኩ። ጎረቤቷ ለወገቧ ስትል ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። አክስቴ ማንበብ ስለማትችል ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ምን ይላል?»

አይቡፕሮፌን፣ 400 ሚሊግራም ይላል። አሥር ፍሬ ከሚይዘው ሦስት ቀርቷል።